የኩፋው ጨርቅ ነጋዴ፦ ከኢማም አቡ ሐኒፋ ሕይወት የምንማራቸው የሥራ፣ የዕውቀትና የኑሮ መርሆች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ኢማም አቡ ሐኒፋን (ረሒመሁላህ) አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በመዝሀባቸው ነው። ከአራቱ የፊቅህ መዝሀቦች አንዱ በስማቸው ይጠራል። ከቱርክ እስከ ማዕከላዊ እስያና ሕንድ ክፍለ አህጉር ድረስ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሙስሊም ዒባዳውን የሚፈጽመው በዚህ መዝሀብ ነው። በሀገራችንም ከሻፊዒይ መዝሀብ ጎን ለጎን፣ በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች፣ የሐነፊ ፊቅህ ኪታቦች ከሸይኽ ወደ ደረሳ ሲቀሩ ኖረዋል።

ኢማሙ ግን ዓሊም ብቻ አልነበሩም። የጨርቅ ነጋዴም ነበሩ። ሱቅ ነበራቸው፤ የንግድ ሸሪክ ነበራቸው፤ በዋጋ የሚከራከሩ ደንበኞች ነበሯቸው። ታላቅ ዓሊም ሆነው ከታወቁ በኋላም ንግዳቸውን አልተዉም። ዛሬ ልናነሳ የወደድነው ይህንን ነው። ስለ ኢማሙ የሚነገሩ ታሪኮች ብዙ ናቸው፤ ዝርዝራቸውም ከዘጋቢ ዘጋቢ ይለያያል። እኛ እዚህ ያሰባሰብናቸው በሊቃውንቱ የሕይወት ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በሰፊው የሚታወቁትን ነው። አንድ ላይ ሲነበቡ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ በሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው፣ በዒልም ሐለቃው የነበረው ሰውና በእስር ቤት የነበረው ሰው አንድ ነው።

ከገበያ ወደ ዒልም ማዕድ

ስማቸው ኑዕማን ኢብኑ ሳቢት ነው። በሂጅራ አቆጣጠር በ80 ዓመት (እ.ኤ.አ. በ699) ኢራቅ ውስጥ በኩፋ ከተማ ተወለዱ። ዘራቸው ከፋርስ ወገን ነው። ኩፋ በኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን የተቆረቆረች፣ ታላቁ ሰሓባ ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ያስተማሩባት፣ ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ደግሞ መቀመጫቸው ያደረጓት ከተማ ናት። መስጂዷ በዒልም፣ ገበያዋ በንግድ የደመቀ ነበር።

ወጣቱ ኑዕማን አስቀድሞ የሳባቸው ገበያው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን በታላቁ ታቢዒይ በዐሚር አሽ-ሸዕቢይ በኩል ሲያልፉ፣ ሸይኹ ወዴት እንደሚመላለሱ ጠየቋቸው። ወደ ገበያ እንደሆነ ሲነግሯቸው፣ የጠየቋቸው ስለ ገበያ ሳይሆን ከየትኛው ዓሊም ዘንድ እንደሚቀሩ መሆኑን ገለጹላቸው። ከማንም ጋር እንደማይቀመጡ ሲሰሙም፣ በወጣቱ ላይ ንቃት እንዳዩባቸውና ዒልምን ችላ እንዳይሉ መከሯቸው። ይህች አጭር ምክር በልባቸው ገባች።

መጀመሪያ የያዙት የዐቂዳ ክርክርን ነበር። በዚያን ጊዜ በስራ የልዩ ልዩ ቡድኖች መናኸሪያ ስለነበረች ወደዚያ እየተመላለሱ ይከራከሩ ነበር። በክርክር ብርቱ ሆኑ። አንድ ቀን ግን አንዲት ሴት መጥታ ሰውየው ሚስቱን በሱና መንገድ መፍታት ቢፈልግ እንዴት ማድረግ እንዳለበት ጠየቀቻቸው። ያ ሁሉ የክርክር ችሎታ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። እንደማያውቁም አልደበቁም። ወደ ሸይኽ ሐማድ ኢብኑ አቢ ሱለይማን ሄዳ እንድትጠይቅ፣ መልሱንም መጥታ እንድትነግራቸው ለመኗት። ሴትየዋ ሄዳ ጠየቀች፤ ተመልሳም ነገረቻቸው። ኢማሙም ጫማቸውን አንስተው በቀጥታ ወደ ሐማድ ሐለቃ አመሩ።

የታላቁ የፊቅህ ኢማም ጉዞ የተጀመረው እንግዲህ ባላወቁት አንድ ጥያቄ ነው። ሰው በተሸነፈበት ቦታ ሊያፍር ወይም ሊማር ይችላል፤ እሳቸው መማርን መረጡ።

አስራ ስምንት ዓመት በአንድ ሸይኽ ፊት

ሐማድ ዒልማቸውን ያገኙት ከኢብራሂም አን-ነኸዒይ ሲሆን፣ የኢብራሂም ዒልም ደግሞ በዐልቀማ በኩል እስከ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ይደርሳል። አቡ ሐኒፋ በዚህ ሰንሰለት ሥር ለ18 ዓመት ተቀመጡ።

አስር ዓመት ገደማ ከቆዩ በኋላ የራሳቸውን ሐለቃ የመክፈት ፍላጎት አደረባቸው። በዚያው ሰሞን ግን ሐማድ ዘመዳቸው በስራ ውስጥ ሞቶ የውርስ ጉዳይ ስለገጠማቸው ወደዚያ ለመሄድ ተገደዱ። ተማሪያቸውንም በቦታቸው ተክተው ሄዱ። በሁለት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ አቡ ሐኒፋ ከሸይኻቸው ሰምተዋቸው የማያውቁ 60 ያህል ጥያቄዎች ቀረቡላቸው። እየመለሱ መልሳቸውን ይጽፉ ነበር። ሐማድ ሲመለሱ ጽሑፉን አቀረቡላቸው። ሸይኹ በ40ዎቹ ተስማሙ፤ በ20ዎቹ ግን ተቃወሟቸው።

ከስድሳ አርባ ማግኘት ለብዙዎቻችን ኩራት ይሆንልን ነበር። እሳቸው ግን ያዩት የተሳሳቱባቸውን ሃያዎቹን ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ የሰው ትዳር፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ሐቅ ነበርና። ሸይኻቸው እስኪሞቱ ድረስ ከእሳቸው ላለመለየት ማሉ፤ መሐላቸውንም ጠበቁ። ሐማድ በ120 ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ አቡ ሐኒፋ 40 ዓመት ሆኗቸው ነበር። የሸይኻቸውን ወንበር የያዙት ያን ጊዜ ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ ሁለት ቪዲዮ ተመልክተን ሦስተኛውን ራሳችን ፈትዋ በምንሰጥበት በዚህ ዘመን ይህ ታሪክ ሊያሳስበን ይገባል።

ሐለቃው የምክክር ሸንጎ ነበር

የአቡ ሐኒፋ የማስተማር መንገድ ሸይኹ ተናግሮ ደረሳው የሚጽፍበት ብቻ አልነበረም። አንድ ጉዳይ ያነሱና ተማሪዎቻቸው እንዲከራከሩበት ያደርጋሉ። አቡ ዩሱፍ፣ ዙፈርና ሌሎችም ሐሳባቸውን ይሰጣሉ፣ ይቃወማሉ፣ ይቃወሟቸዋልም። ክርክሩ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። አንድ ሐሳብ ሲጸና ነው የሚመዘገበው። ለአቡ ዩሱፍ የሰሙትን ሁሉ እንዳይጽፉ ይነግሯቸው እንደነበርም ተዘግቧል፤ ምክንያታቸውም ዛሬ የያዙትን አቋም ነገ ሊተዉት ስለሚችሉ ነው።

ይህ ግን መንገድ የለሽ አስተሳሰብ አልነበረም። ቅደም ተከተላቸው የታወቀ ነው። መጀመሪያ የአላህን ኪታብ፣ ከዚያ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ይመለከታሉ። በሁለቱ ካላገኙ ከሰሓቦች አቋሞች መካከል ይመርጣሉ እንጂ ከእነሱ ወጥተው ሌላ አይፈልጉም። ነገሩ ከሰሓቦች ቀጥሎ ወደመጡት ታቢዒዮች ሲደርስ ግን፣ እነሱ እንደመረመሩ እሳቸውም ይመረምራሉ። እንግዲህ ጽናታቸው በመሠረቱ ላይ ነበር፤ ለለውጥ ክፍት የነበሩት ደግሞ በራሳቸው ሐሳብ ላይ። እኛ ብዙ ጊዜ ይህን እንገለብጠዋለን፤ በመሠረቱ ላይ እንላላና በራሳችን አስተያየት ላይ ድርቅ እንላለን።

ተማሪዎቻቸውም ከእሳቸው ሐሳብ በነፃነት ይለዩ ነበር። አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን በብዙ ጉዳዮች ከኢማሙ የተለየ አቋም ይዘዋል፤ የመዝሀቡ ኪታቦችም የኢማሙንና የተማሪዎቻቸውን ልዩነት ጎን ለጎን አስፍረው እስከ ዛሬ ይቀራሉ።

በሱቁ ውስጥ

ኢማሙ የሚነግዱት ኸዝ የሚባለውን ከሐርና ከሱፍ የሚሠራ ውድ ጨርቅ ነበር። ስለ ንግዳቸው ከሚነገሩት ሦስት ታሪኮችን እናንሳ።

አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው አመጣች። ዋጋውን ሲጠይቋት መቶ አለች። ልብሱ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ነገሯት። መቶ ጨመረች፤ አሁንም እንደሚበልጥ ነገሯት። እየጨመረች አራት መቶ ደረሰች፤ አሁንም ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ሲነግሯት እየቀለዱባት መሰላት። ዋጋ የሚገምት ሰው ይዛ እንድትመጣ አደረጉና ልብሱን በአምስት መቶ ገዟት። ገዢው ራሱ ዋጋ የጨመረበት ግብይት ነበር።

ሌላ ጊዜ አንዲት አሮጊት መጥታ አቅም እንደሌላት ነግራ፣ አንድ ልብስ በገዙበት ዋጋ እንዲሸጡላት ለመነች። አራት ዲርሃም ብቻ እንድትከፍል ነገሯት። አሮጊቷ አሾፉብኝ ብላ ቅር አላት። እሳቸው ግን ነገሩን አስረዷት፦ ሁለት ልብስ ገዝተው ነበር፤ አንዱን ሲሸጡት ለሁለቱ ካወጡት ገንዘብ ከአራት ዲርሃም በስተቀር ሁሉም ተመልሶላቸዋል። ስለዚህ የቀረው ልብስ የፈጃቸው ገንዘብ በእርግጥም አራት ዲርሃም ነው። እዝነታቸው እንኳን በሒሳብ የተደገፈ ነበር።

ሦስተኛው ታሪክ የሸሪካቸው የሐፍስ ኢብኑ ዐብዱረሕማን ነው። ኢማሙ ዕቃ ልከውለት፣ ከመካከሉ አንዱ ልብስ እንከን እንዳለበት፣ ሲሸጥም እንከኑን ለገዢው እንዲናገር አስጠነቀቁት። ሐፍስ ሸጠው፤ መናገሩን ግን ረሳ። ገዢው ማን እንደሆነም አላወቀም። አቡ ሐኒፋ ይህን ሲሰሙ የዚያን ዕቃ ሽያጭ ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ አደረጉት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ማታለል አልነበረም፤ መርሳት ነበር። እንከን ያለበትም አንድ ልብስ ብቻ ነው። ቢሆንም የማያውቁት ሰው ሐቅ በገንዘባቸው ውስጥ ተቀላቅሎ እንዲያድር አልፈቀዱም። ከመርካቶ እስከ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሱቅ ያለን፣ በስልክ ዕቃ የምንሸጥ፣ ፎቶው ላይ ጥሩውን ጎን ብቻ የምናሳይ ሁሉ ይህች ታሪክ በቀጥታ ለእኛ የተነገረች ናት።

ትርፉስ የት ይሄድ ነበር? በየዓመቱ የሚያጠራቅሙትን ትርፍ ለዑለማኦችና ለሐዲስ ሰዎች ቀለብና ልብስ ይገዙበት ነበር። የተረፈውንም ገንዘብ ያካፍሏቸውና፣ አላህን እንጂ እሳቸውን እንዳያመሰግኑ፣ የሰጧቸው ከራሳቸው ሳይሆን አላህ በእጃቸው ላይ ካደረገው መሆኑን ይነግሯቸው ነበር።

የድሃዋ እናት ልጅና የሰካራሙ ጎረቤት

ከተማሪዎቻቸው አንዱ አቡ ዩሱፍ ከድሃ ቤት የወጣ ልጅ ነበር። እንደሚተረከው፣ እናቱ ሙያ እንዲማር ልብስ አጣቢ ዘንድ ስታስገባው እሱ እየጠፋ ወደ ሐለቃው ይሄድ ነበር። እናቱም መጥታ ኢማሙን ልጄን አበላሹብኝ ብላ ወቀሰቻቸው። እሳቸውም ልጁ በፒስታቺዮ ዘይት የተሠራ ፋሉዘጅ የሚባለውን የነገሥታት ጣፋጭ መብላት እየተማረ እንደሆነ ነገሯት። እናትየው ሽማግሌው አእምሯቸውን የሳቱ መሰላት። ኢማሙ ግን ልጁ ሳይጠይቃቸው ገንዘብ እየሰጡ፣ ሊያልቅበት ሲል እየጨመሩ ችግሩን ሸፈኑለት። ከዓመታት በኋላ አቡ ዩሱፍ የዐባሲዮች ዋና ቃዲ ሆኑ። በኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ማዕድ ላይ ያ ጣፋጭ ሲቀርብላቸውም ሸይኻቸውን አስታውሰው ፈገግ እንዳሉ ይተረካል።

ኢማሙ አንድ ጫማ ሰፊ ጎረቤትም ነበራቸው። ቀን ሲሠራ ውሎ ሌሊት ይጠጣል፤ ሰዎች እንደጣሉትና እንዳልተገነዘቡት የሚያወሳ ግጥም እየደጋገመ ያዜማል። ኢማሙ ሌሊት ለሶላት ሲቆሙ ድምፁን ይሰሙ ነበር። አንድ ሌሊት ድምፁ ጠፋ። ጠይቀው ዘበኞች እንዳሰሩት ሲያውቁ፣ ፈጅርን ሰግደው በበቅሎ ወደ አሚሩ ሄዱ። አሚሩም አክብሮ ተቀበላቸውና ጎረቤታቸውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሌሊት የተያዙትን ሁሉ ፈታላቸው። ሲመለሱ ሰውየውን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በእርግጥ ጥለነዋል ወይ? ሰውየውም እንዳልጣሉት መሰከረ፤ መጠጡንም ተወ።

ያ ሰው ለዓመታት ሌሊታቸውን ረብሿል። ሊከሱት ይችሉ ነበር። ሲታሰርም ተገላገልኩ ሊሉ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ድምፁ ሲጠፋ ፈለጉት።

የማይቀበሉት ሹመት

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ እንመጣለን። በኡመያዎች መንግሥት ማብቂያ አካባቢ የኢራቅ ገዢ የነበረው ኢብኑ ሁበይራ አቡ ሐኒፋ ሹመት እንዲይዙለት ጠየቀ። ዑለማኦችን በሥልጣን ማሰር ለመንግሥቱ ድጋፍ ያስገኝ ነበር። ኢማሙ እምቢ አሉ። ገዢው ተቆጥቶ ለተከታታይ ቀናት አስገረፋቸው። በዚያ መከራ ውስጥ ከግርፋቱ ይልቅ የከበዳቸው የእናታቸው ሐዘን እንደነበር ተዘግቧል። እናታቸው የፊቅህ ጥያቄ ሲኖራቸው የልጃቸው መልስ አልበቃ ብሏቸው ወደ አንድ ታሪክ ተራኪ ሰባኪ ዘንድ ውሰደኝ ሲሏቸው፣ የዘመኑ ትልቁ ፈቂህ ሆነው ሳለ ያለ ቅሬታ ይዘዋቸው የሚሄዱ ልጅ ነበሩ። ከግርፋቱ በኋላ ወደ መካ ሄደው የዐባሲዮች መንግሥት እስኪቆም ድረስ ቆዩ።

መንግሥት ተለወጠ፤ ጥያቄው ግን ተመልሶ መጣ። ኸሊፋው አቡ ጀዕፈር አል-መንሱር በ145 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ762) የባግዳድን ግንባታ ጀመረ። ኢማሙንም ወደዚያ አስጠርቶ ቃዲነትን እንዲቀበሉ ጠየቀ። እሳቸው ለሹመቱ ብቁ እንዳልሆኑ ነገሩት። ኸሊፋው እንደዋሹ ተናገረ። ያን ጊዜ ኢማሙ፣ ኸሊፋው ራሱ ብቁ አለመሆናቸውን እንደፈረደ አስረዱት፤ እውነት ተናግረው ከሆነ ብቁ አይደሉም፤ ውሸታም ከሆኑም ውሸታም ለቃዲነት አይሾምም። ክርክሩን ረቱ፤ እስራቱን ግን አላመለጡም። በእስር ላይ ተንገላቱ፤ በ150 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ767) በባግዳድ አረፉ። አንዳንዶች በግርፋት፣ ሌሎች በመርዝ እንደሞቱ ዘግበዋል። ለጀናዛቸው የወጣው ሕዝብ እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ ሶላቱ ተደጋግሞ እንደተሰገደ ይነገራል። የተቀበሩትም በኸይዙራን መቃብር ነው፤ ከሰው በግፍ ባልተወሰደ መሬት እንዲቀበሩ አደራ ብለው ነበርና። ዛሬ ያ ሰፈር በማዕረግ ስማቸው አዕዘሚያ ተብሎ ይጠራል። በዚያው ዓመት ኢማም አሽ-ሻፊዒይ በጋዛ ተወለዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሳት የለብንም። ቃዲነት በራሱ ክፉ ሥራ ስለሆነ አይደለም እምቢ ያሉት። የገዛ ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ በኋላ ቃዲ ሆነዋል፤ በሥራቸውም ለሙስሊሙ ጠቅመዋል፤ ስለ መሬት ግብርና ስለ መንግሥት ገቢ ኪታቡል ኸራጅ የተሰኘውን መጽሐፍ ለኸሊፋው ጽፈዋል። ኢማሙ የሸሹት ሥራውን ሳይሆን መሣሪያ መሆንን ነው። የሚፈርዱት ፍርድ ቤተ መንግሥቱን ባስቀየመ ቀን ምን እንደሚከተል ያውቁ ነበር።

እምቢ ለማለት ያስቻላቸው ምን ነበር?

ታሪኩን ስንጨርስ ወደ ሱቁ ብንመለስ መልሱን የምናገኘው ይመስለናል። እምቢታ የልብ ጀግንነት ብቻ አይደለም። እንጀራው በሰው እጅ ያለ ሰው፣ ዕዳ ያነቀው ሰው፣ ስጦታ የለመደ ሰው፣ ልቡ ቢፈልግ እንኳን አፉ እሺ ይላል። ኢማሙ የቤተ መንግሥት ስጦታ አይቀበሉም ነበር፤ ሱቃቸው ይበቃቸዋልና። ያ አንድ እንከን ያለበት ልብስ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በትንሹ የሰውን ሐቅ ለመመለስ የለመደች እጅ፣ ኋላ ትልቁ ስጦታ ሲቀርብላትም መመለሱ አልከበዳትም። በአንዲት ሴት ፊት አላውቅም ለማለት ያላፈረ ምላስም በኸሊፋ ፊት እውነት ለመናገር አልተሳሰረም።

ስለዚህ ከሕይወታቸው ብዙ ነገር ባንወስድ እንኳን እነዚህን እንያዝ። በላባችን የምንኖርበት ሐላል ሥራ ይኑረን፤ ደረሳም ብንሆን፣ ዳዒም ብንሆን። የማናውቀውን አላውቅም እንበል፤ ከዚያም ጫማችንን አንስተን የሚያውቅ ዘንድ እንሂድ። የጠየቅነው ሸይኽ ከስድሳው ሃያውን ሲያርምልን አንቀየም። በመሠረታችን እንጽና፤ በራሳችን አስተያየት ግን ለመታረም እንዘጋጅ። ትርፋችን ውስጥ የዒልም ፈላጊዎች ድርሻ ይኑር። ድምፁ የጠፋ ጎረቤታችንን እንፈልግ። እናታችን ሌላ ሰው ዘንድ ውሰዱኝ ብትለን ኩራታችንን ዋጥ አድርገን እንውሰዳት።

ሁላችንም በኸሊፋ ፊት አንቆምም። ነገር ግን በየሱቃችንና በየመሥሪያ ቤታችን እሺ ብንል የምንጠቀምበት፣ እምቢ ብንል የምንጎዳበት ቀን አለ። ለዚያ ቀን የሚዘጋጀው ሰው ዛሬ ዕቃ ሲሸጥ እንከኑን የሚናገር ሰው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ኢማም አቡ ሐኒፋን ይዘንላቸው፤ እኛንም ሪዝቃችንን ሐላል፣ ዒልማችንን ጠቃሚ፣ ቃላችንን እውነተኛ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።